የእንግዳ ክፍሉ ቁም ሳጥን የማን ነው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አንዱን ክፍል ለእንግዳ ብለን ትተነዋል። ክፍሉ ግድግዳው ላይ የተሠራ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን አለው፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ80፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40። ግን በእኛ ዕቃ ጢም ብሎ ሞልቷል። ትርፍ ብርድ ልብስ፣ የበዓል ሰሃንና ብርጭቆ፣ የልጆች የክረምት ልብስ፣ ሻንጣ፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ከአገር ቤት የተላከ በርበሬና ሽሮ ሳይቀር እዚያ ነው። በቤት ሥራ የምታግዘን ልጅም ልብሷን እዚያ ታስቀምጣለች። አማቴ ለሕክምና ከደብረ ማርቆስ በየጊዜው ይመጣሉ። ወንድሜ ደግሞ ለገና ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዕቃውን አውጥተን በረንዳና መኝታ ቤታችን ውስጥ እንከምራለን። ባለቤቴ ሌላ ቁም ሳጥን እንግዛ ይላል። ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሌላ ቁም ሳጥን አይግዙ። ሥራዬ ቁም ሳጥን ነድፎ ማሠራት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ለእርስዎ ቤት የምመክረው ይኸንኑ ነው። ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሳጥን ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ከፊቱ ቆሞ በሩን ለመክፈት ደግሞ ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። አልጋ ባለበት የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ቁም ሳጥን ከገባ ክፍሉ ዕቃ ቤት ይሆናል፤ እንግዳዎም ዕቃ ቤት ውስጥ ይተኛል። አዲሱም ቢሆን ብዙ ሳይቆይ ይሞላል።

ያለዎት ቁም ሳጥን ትልቅ ነው። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ በር 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። አንዱ በር ለአንድ ወይም ለሁለት እንግዳ ይበቃል። ሁለቱ በሮችና ላይኛው መደርደሪያ ለቤቱ ዕቃ ይበቃሉ። እስካሁን የጎደለው ድንበር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ አንዱ በር ዓመቱን ሙሉ ባዶ ይሁን። እንግዳ ሊመጣ ሲል የሚለቀቅ አይደለም፤ እንግዳ በሌለበትም ባዶ ሆኖ የሚቆይ ነው። ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። «ቦታ ቸግሮን ባዶ እናስቀምጥ?» ይሉኛል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን እንግዳው ምን እንደሚያደርግ ያስቡት። በሩን ይከፍታል፤ የሰው ዕቃ ያያል፤ ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። ምንም አይልም። አማትዎ ሦስት ሳምንት ቢቀመጡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሻንጣቸው እያወጡ ይለብሳሉ እንጂ «ቦታ ስጡኝ» አይሉም። ይሉኝታ ይይዛቸዋል። እናንተም «ዕቃ ገፋ አድርገው ያስቀምጡ» ስትሏቸው «ምን ዕቃ አለኝና» ይላሉ። ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ውለው ማታ ወለል ላይ ጎንበስ ብለው ሻንጣ የሚፈትሹ አዛውንት ቤቱ የሰው ቤት እንደሆነ ሲሰማቸው ይከርማሉ። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ፤ በፍቅር ተቀብለናቸው ሳለ ቁም ሳጥኑ ሌላ ነገር ይነግራቸዋል።

ታዲያ በቀሩት ሁለት በሮች ምን ይቀመጥ? ብዙ ሰው ዕቃን የሚለየው በዓይነቱ ነው፤ ልብስ ከልብስ፣ ሰሃን ከሰሃን። እንግዳ ለሚያድርበት ክፍል ግን መለያው ሌላ መሆን አለበት። እያንዳንዱን ዕቃ አንስተው «እንግዳ እዚህ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ሳለ ይህ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የሚያስፈልግዎ ከሆነ ቦታው እዚህ አይደለም።

በዚህ መለያ ከዝርዝርዎ ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው የበዓል ሰሃንና ብርጭቆ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚወጣ ሩቅ ቢቀመጥ ምንም አይደለም ይባላል። ግን የሚያስፈልገው መቼ ነው? በበዓል። እንግዳ የሚመጣውስ? በበዓል። ከአሜሪካ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፉ ተዛብቶበት እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ሊተኛ ይችላል። የገና ዕለት ጠዋት ወንድምዎ ተኝቷል፤ የዶሮ ወጥ ማቅረቢያው ደግሞ እሱ ከተኛበት አልጋ ፊት ለፊት ነው። እያንኳኩ መግባት፣ በጨለማ መዳበስ፣ ሰሃን ማንኳኳት ይመጣል። ሰሃኑን ወደ ሳሎን ቡፌ ወይም ወደ ኩሽናው ላይኛ መደርደሪያ ያዛውሩት።

የልጆች የክረምት ልብስም እንዲሁ ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ከገና ሌላ በብዛት የሚመጡት ልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጉ ነው። ያ ደግሞ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሹራብና ጃኬት የሚፈለግበት ወቅትና እንግዳ የሚበዛበት ወቅት አንድ ላይ ይገጥማሉ። የልጆቹ ልብስ ከልጆቹ አልጋ ሥር በመሳቢያ ወይም በሳጥን ይቀመጥ።

በርበሬና ሽሮው ዛሬውኑ ይውጡ። በርበሬ ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል፤ የሚተኛበትን ሰው ያስነጥሰዋል። ሽሮና ጥራጥሬ ደግሞ ነቀዝ ይጠራሉ። ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ የመሳሰለው ሰነድም እዚህ አይሁን፤ ሰነድ የሚፈለገው ሳይታሰብ ነው። ላምባ፣ ትርፍ የጋዝ ሲሊንደር፣ የተረፈ ቀለም፣ ፍሊት፣ የአይጥ መርዝ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አይቀመጡም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

የቴሌቪዥኑን ካርቶን ዋስትናው ካለፈ ይጣሉት። ካላለፈ በቢላ ቴፑን ቀደው ጠፍጥፈው ቁም ሳጥኑ ውስጥ በጎን በኩል ያቁሙት።

በተቃራኒው እዚህ ክፍል ውስጥ መኖር ያለበትም አለ። ትርፍ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ትራስ፣ ፎጣ፣ ጋቢ፤ እነዚህ የሚፈለጉት እንግዳ ሲመጣ ስለሆነ ከእንግዳው ጋር አንድ ክፍል ይሁኑ። የራሳችሁ ባዶ ሻንጣዎች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው። የሠርግ ልብስ። የትናንሽ ልጆች ልብስ፣ ለወደፊት የሚቀመጥ ከሆነ። እነዚህን ለወራት ማንም አይጠይቃቸውም።

አሁን ወደ እንግዳው በር። ከሦስቱ የትኛው? አልጋው ሳይነካው እስከ መጨረሻው የሚከፈተው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ግማሽ የሚከፈተውን በር ለእንግዳ ሰጥቶ ሙሉ የሚከፈተውን ለካርቶን ይተዋል። የመስቀያ ዘንጉ ከወለሉ 1 ሜትር ከ70 ላይ ቢሆን ረጅም የሐበሻ ቀሚስም ካፖርትም ወለል ሳይነካ ይሰቀላል። 60 ሳንቲ ሜትር ዘንግ አሥር አሥራ ሁለት ልብስ ይይዛል። ስምንት ማንጠልጠያ ሰቅለው ይተዉ፤ ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት የተሠራ ይሁን። ከላውንደሪ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ዝጎ ነጭ ልብስ ላይ ምልክት ይተዋል።

አማትዎን በተመለከተ ከፍታው ላይ ይጠንቀቁ። ዕድሜ የገፋ ሰው፣ ያውም ታሞ የመጣ፣ እጁን ከትከሻው በላይ ማንሳትም ጎንበስ ማለትም ይከብደዋል። ለእሳቸው የሚመቸው ከወለሉ ከ70 እስከ 140 ሳንቲ ሜትር ያለው ቦታ ነው። እዚያ መሀል ላይ አንድ ሰፊ መደርደሪያ ይኑር። ረጅም ልብስ ለመስቀል ሲፈለግ የሚነሳ፣ ለእሳቸው ሲሆን የሚገባ ተነቃይ ጣውላ በቂ ነው። በበሩ ውስጠኛ ገጽ፣ በ1 ሜትር ከ40 ላይ፣ ሁለት ጠንካራ መንጠቆ ይምቱ፤ አንዱ ለጋቢያቸው፣ አንዱ ለነጠላቸው። ሌሊት ሲነሱ እጃቸውን ዘርግተው የሚያገኙት ነገር ነው። በሩ ቺፑድ ከሆነ ብሎኑ ከ15 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ በሩን በስቶ በውጭው ገጽ ይወጣል።

ለሕክምና የመጣ ሰው ወረቀቱ ብዙ ነው። ማዘዣ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ካርድ። የራጅ ፊልሙ ደግሞ ትልቅ ነው፤ የተለመደው 35 በ43 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መታጠፍ የለበትም። መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጠንካራ ካርቶን አቁመው በመሀላቸው ቢያስገቡት ቀጥ ብሎ ይቆያል። መድኃኒቱን ግን ቁም ሳጥን ውስጥ አያድርጉት፤ የማይታይ መድኃኒት ይረሳል። ኮመዲኖው ላይ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ትናንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ የማይደርሱበት፣ ለእሳቸው ግን የሚታይ ቦታ ይፈለግለት።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ዝም ከተባለ ይሉኝታው ይመለሳል። በመጡ ማታ በሩን እርስዎ ይክፈቱላቸው። «ይሄ የእርስዎ ነው እማማ፤ ልብስዎን እዚህ እንስቀለው» ብለው ሻንጣቸውን አብረው ይፍቱ። የመጀመሪያውን ልብስ የቤቱ ሰው ሲሰቅል እንግዳው ቀሪውን ይሰቅላል። ለወንድምዎ ቤተሰብ በበሩ ውስጥ አንዲት ወረቀት ይለጥፉ፦ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል፣ የውሃ ፈረቃ ቀናት፣ የሻወር ማሞቂያው እንዴት እንደሚበራ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው የት እንዳለ። ባትሪው እዚያው መደርደሪያ ላይ ይሁን። ለአማትዎ ግን ወረቀት አይበቃም፤ ማሞቂያውን በእጅዎ እያሳዩ ያስረዷቸው።

የእንግዳው በር ቁልፍ ይኑረው። ይህን የምለው ሰው ስለማላምን አይደለም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ፓስፖርት፣ ዶላር፣ ለሌላ ሰው የተላከ ስልክ ይዞ ይመጣል። አንድ ነገር ለጥቂት ሰዓት ሲጠፋ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የማን ፊት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዕቃው በኋላ ከሻንጣ ኪስ ይገኛል፤ የተጠረጠረችው ልጅ ልብ ላይ የቀረው ግን አይነሳም። ቁልፉ እንግዳውንም ያሳርፋል፣ እሷንም ይጠብቃል።

የእሷን ልብስ ካነሳን አይቀር፤ ከዚህ ክፍል ይውጣና የራሷ የሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ የማይነሳ ቦታ ይሰጣት። በር ያለው ትንሽ ሳጥን፣ የሚቆለፍ መሳቢያ፣ ያላችሁ ቦታ የሚፈቅደው ይሁን። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልብሷ በፌስታል ተጠቅልሎ ከክፍል ክፍል የሚዞር ሰው በዚያ ቤት እንደሚኖር አይሰማውም። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ መጀመሪያ ይህ ቢሠራ ደስ ይለኛል።

ወደ ጨርቃ ጨርቁ ልለፍ፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ያለበት እዚህ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ታጥቦ በተሰጣ ማግሥት አጣጥፎ ማስገባት ሻጋታ ማስገባት ነው። ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ይስጡት፤ ከዚያ መሀሉን ጉንጭዎ ላይ አድርገው ይሞክሩ። ከቀዘቀዘዎ አልደረቀም። ከደረቀ በኋላ በፕላስቲክ አይጠቅልሉት። አሮጌ ንጹሕ አንሶላ ወይም የትራስ ልብስ ይሻላል፤ ጥጥ ይተነፍሳል። ጋዜጣም አይሁን፤ ቀለሙ ነጩን ያበላሻል።

ጥበብ ያለው የሐበሻ ቀሚስ በማንጠልጠያ ለወራት መሰቀል የለበትም። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ከነጥልፉ ይከብዳል፤ ክብደቱ ትከሻውን ይጎትተዋል፣ አንገቱ ይሰፋል። ገልብጠው፣ ጥበቡን ወደ ውስጥ አድርገው፣ እጥፋቱ መሀል ነጭ ጨርቅ አስገብተው ያስተኙት። ጥበቡ ላይ የወርቅ ወይም የብር ክር ካለ ክሩ በእጥፋቱ ላይ ይሰበራል፤ እንዲህ ያለውን ከማጠፍ መጠቅለል ይሻላል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አውጥተው በሌላ መስመር ያጥፉት።

ፖሊስተር ብርድ ልብሶች ቦታ የሚበሉ ናቸው። አየራቸው በቫኪዩም ተስቦ የሚጠብበው ፕላስቲክ ለእነሱ ጥሩ ነው፤ ግማሽ ቦታ ያተርፋል። ለጋቢ፣ ለሱፍና ለላባ ትራስ ግን አይሆንም። ሁሉም ቀላል ስለሆነ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይውጣ። አንሶላውን በስብስብ ያድርጉት፦ አንድ አንሶላ፣ አንድ አልጋ ልብስ፣ ሁለት የትራስ ልብስ ታጥፈው ከአንዱ የትራስ ልብስ ውስጥ ይግቡ። ሌሊት የደረሰ እንግዳ ቢመጣ አንዷን ጥቅል መሳብ ብቻ ነው።

ብልን በተመለከተ ጭንቀቱ ብዙ ጊዜ ያለቦታው ነው። ብል የሚበላው ሱፍ ነው። የመንዝ ባና ወይም በርኖስ ካለዎት፣ የሱፍ ኮትና ሹራብ ካለዎት ይጠንቀቁ። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ናቸው፤ ንጹሕ ጥጥ ለብል ምግብ አይደለም። ነገር ግን ላብ፣ ወጥ፣ ወይም ከራስ ላይ የተላለፈ ቅቤ ያለበት ነጠላ ሊበሳ ይችላል። ዋናው መድኃኒት ታጥቦ መግባት ነው። ሱፉን በሦስት በአራት ወር አንዴ ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ በተለይ ኪሱንና ኮሌታው ሥር በብሩሽ ያራግፉት። ብል የገባበትን ሹራብ በፕላስቲክ አጥብቀው አስረው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር አንድ ሳምንት ቢያቆዩት እንቁላሉም ትሉም ይሞታል።

ናፍታሊን የምትባለዋን ነጭ ኳስ ከዚህ ቁም ሳጥን ያውጡ። ኳሷ እያነሰች የምትሄደው ወደ ጋዝ ስለምትለወጥ ነው፤ ያን ጋዝ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እንግዳዎ ነው። ለአራስ ሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ናፍታሊን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ከናፍታሊን ጋር የከረመ ልብስና ብርድ ልብስ ለብሰው ክፉኛ የታመሙ አራሶች በሕክምና ተመዝግበው ይታወቃሉ። «ለወደፊት» ብለው ያስቀመጡት የሕፃን ልብስ ካለ ከናፍታሊን ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ እንዳይሆን አደራ። ጥሩ ሽታ ከፈለጉ የሐበሻ ጥድ ፍላጭ ከአናጺ ቤት ለምነው በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይስቀሉ። ሽታው ሲደክም በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ፋቅ ቢያደርጉት ይመለሳል። ብሉን ለብቻው አይገታም፤ ግን ማንንም አይጎዳም።

ከብል ይልቅ አዲስ አበባ ውስጥ ቁም ሳጥን የሚያጠፋው እርጥበት ነው። የብሎኬት ግድግዳ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ የውጭ ግድግዳ ከሆነ ይበልጡን። እንግዳ ተኝቶበት የሞቀው እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ጀርባ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። ቁም ሳጥኑን ባዶ ሲያደርጉት በባትሪ የታችኛውን የኋላ ጥግ ይመልከቱ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታው ጀምሯል። በአቼቶ ጠርገው በሩን ከፍተው አንድ ቀን ያድርቁት። በረኪና ከአቼቶ ጋር በፍጹም አያቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ከጀርባው 5 ሳንቲ ሜትር እያራቁ ይደርድሩ። እንግዳ እርጥብ ፎጣውን ውስጥ እንዳይሰቅል ውጭ፣ በክፍሉ በር ጀርባ፣ የፎጣ መስቀያ ያድርጉለት። በሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር የቁም ሳጥኑንም የመስኮቱንም በር አብረው ይክፈቱ።

መቼ ይጀመር? ኅዳር 12 ጥሩ ቀን ነው። ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከመታው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ልማድ ነው፤ በዚያን ዕለት ቤት ይጠረጋል፣ ጓዳ ይፈተሻል። አየሩም ደርቋል፣ ለገናም ከስድስት ሳምንት በላይ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ፦ የተገኘውን ሁሉ አያቃጥሉ። የፕላስቲክና የስፖንጅ ጭስ መርዝ ነው። የሚለበሰው ለሚለብስ ይሰጥ፤ የማይረባው ከቆሻሻ ጋር ይውጣ። ሁለተኛው የዓመቱ ፍተሻ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን። ሦስቱን በር በአንድ ቀን አይነካኩ። በሰንበት ሙሉ ቁም ሳጥኑን አውጥተው ማታ አልጋው ላይ የተራራ ያህል ጨርቅ ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች መጨረሻቸው ሁሉንም መልሶ መጠቅጠቅ ነው። ቅድሚያ የእንግዳውን በር ብቻ።

የወንድምዎ ጉዳይ የተለየ ነው። አራት ሰው አንድ በር አይበቃውም። ስለዚህ ሁለተኛው በር ታችኛ ግማሽ በሩብ ሰዓት የሚለቀቅ ይሁን። ይህ የሚሆነው ዕቃው ልቅ ካልሆነ ነው። ጆሮ ያላቸው ሦስት አራት የጨርቅ ሳጥኖች ወይም የሸራ ቦርሳዎች ይግዙ፤ በዚያ ግማሽ ውስጥ ያለው ሁሉ በእነሱ ውስጥ ይሁን። አንድ ሰው ሊያነሳው ከሚችለው በላይ አይሙሏቸው። እንግዳ ሲመጣ ሳጥኖቹ እንዳሉ ወደ እናንተ አልጋ ሥር ይሄዳሉ፤ ሲሄድ ይመለሳሉ። ማንም ምንም አይፈታም። ሳጥኑ ላይ የያዘውን ጽፈው ይለጥፉ፤ «ልዩ ልዩ» የሚል ጽሑፍ ግን አይጻፍ።

ሻንጣውንም ያስቡበት። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ነው። ለአራት ሰው ስምንት ሊሆን ነው። ግማሹ የሰው መልእክት ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ይሆናል፤ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በቡናና በድርቆሽ ይሞላል። ባዶዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው አልጋ ሥር ይሂዱ። አልጋው አጭር ከሆነ እግሩን በእንጨት 10 ሳንቲ ሜትር ማስነሳት ይቻላል። ሁለት ሻንጣ ግን ሁልጊዜ ክፍት ሆነው መኖራቸው አይቀርም። የተከፈተ ትልቅ ሻንጣ አንድ ሜትር በሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወለል ይወስዳል። ልጆቹ የሚተኙበት ስፖንጅ ፍራሽ ከመዘርጋቱ በፊት ይህን ቦታ በክር ለክተው ይያዙ።

አናጺ የሚጠሩት ለትንሽ ሥራ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ዘንጉን በ1 ሜትር ከ70 እንዲያስተካክል፣ ተነቃዩን መደርደሪያ እንዲያበጅ፣ ከወለሉ አቅራቢያና ከላይ የአየር ቀዳዳ እንዲበሳ ይንገሩት። መደርደሪያዎቹን ይፈትሽልዎ። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ያለ መሀል ድጋፍ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተዘረጋ፣ ዕቃ ሲበዛበት ይጎብጣል። ለቤቱ ዕቃ በተተዉት ሁለት በሮች መሀል መለያ ግድግዳ ከሌለ መደርደሪያው 1 ሜትር ከ20 ነው ማለት ነው፤ መሀሉ ላይ ቋሚ ጣውላ ያስገባ። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ይታሸግ፤ ያልታሸገ ቺፑድ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። በግድግዳው ላይ ከባድ ነገር ልስቀል ካለ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት መሆኑን ያስታውሱት፤ ተራ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ውሎ አድሮ ይወልቃል። በመጨረሻ የእንግዳው በር ላይ ቁልፉን ይግጠም። ሁለት ቁልፍ ይቀበሉት፤ አንዱን እርስዎ ዘንድ ያኑሩት፣ ሌላው በሩ ላይ ይሰካ።